የአቢዳራ ቤትና የእኛ ክፍል

ንባብ፦ 2ኛ ሳሙኤል 6፥1–12፤ 1ኛ ዜና መዋዕል 26፥4–15፤ የሐዋርያት ሥራ 18፥1–3፤ ሮሜ 16፥3–5



አገር ቤት እያለን ቤተ ክርስቲያን ሲባል ብዙዎቻችን በዓይናችን የሚመጣው ትልቅ አዳራሽ ነው። ቆርቆሮው የሚያበራ፣ አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት፣ በር ላይ ዘበኛ ያለው። እዚህ ከመጣን በኋላ ግን የምንጸልየው በሰው ቤት ነው፤ አራት ሜትር በአራት ሜትር በማትሞላ ክፍል፣ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን። ታዲያ አንዳንዱ «ይሄ ደሞ ቤተ ክርስቲያን ነው እንዴ?» ይላል። በሹክሹክታም አይደለም፣ ጮክ ብሎ ነው የሚለው። እስቲ ዛሬ ይህችን ጥያቄ ይዘን ቃሉን እንመልከት።

በአቢዳራ ቤት ልጀምር። ስሙን በዝማሬም በጸሎትም እንጠራዋለን፤ ታሪኩን ረጋ ብሎ ያነበበ ግን ጥቂት ነው። በሳሙኤል መጽሐፍ አቢዳራ፣ በዜና መዋዕል ዖቤድኤዶም ይባላል፤ ሰውዬው አንድ ነው። መጽሐፉ የጌት ሰው ይለዋል። ጌት የጎልያድ ከተማ ናት። ዜና መዋዕል ከሌዋውያን ጋር ስለሚቆጥረው አንዳንድ መምህራን «ይህች ጌት ሌላ ናት» ይላሉ። እኔ እንደተጻፈው የጌት ሰው ብዬ አነባለሁ። እንዲህ ከሆነ አቢዳራ በሰው አገር የሚኖር ሰው ነበር ማለት ነው፤ እንደ እኛ።

ደግሞ ይህን አስተውሉ። ፍልስጥኤማውያን ታቦቱን ማርከው በወሰዱ ጊዜ ከአዛጦን ቀጥሎ የገባው ወደ ጌት ነበር። ከተማዋም በእባጭ ተመታች፣ ሕዝቡም ተሸበረ (1ኛ ሳሙኤል 5፥8–9)። የጌት ሰው ይህን ወሬ ከአባቶቹ ሳይሰማ አያድግም። ከዚያ በላይ ደግሞ ዳዊት ታቦቱን ሲያመጣ በመንገድ ላይ ዖዛ እጁን ዘርግቶ ታቦቱን ያዘና እዚያው ሞተ። ዳዊት ፈራ። ንጉሡ ሠራዊት ይዞ፣ በገናና ከበሮ ይዞ፣ «ይሄን ወደ ከተማዬ አላስገባም» ብሎ ቆመ። ያን ጊዜ ነው ታቦቱ ወደ አቢዳራ ቤት የዞረው። ንጉሥ የፈራውን ነገር አንድ ተራ አባወራ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር በቤቱ አስገባ ማለት ነው።

እኛ በረከቱን ብቻ ነው የምንተርከው። በዚያ ቀን ግን በረከት የሚባል ነገር ገና አልታየም። የታየው ሬሳ ነው። ሰውዬው በሩን የከፈተው በረከቱን አይቶ አይደለም። ማታ ልጆቹን ሲያስተኛ ምን ብሏቸው ይሆን? ሚስቱስ ምን አለችው? መጽሐፉ አልጻፈልንም። እንግዳ በሌሊት ያስገባ ሰው ግን ይገባዋል፤ ዳሚ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ሞልቷል።

ሦስት ወር ተቀመጠ፣ ቤቱም ተባረከ። ዳዊት ይህን ሲሰማ መጥቶ ታቦቱን ወሰደው። አሁን እኔ የምወደው ክፍል መጣ። ታቦቱ ከቤቱ ሲወጣ አቢዳራ ምን አደረገ? ተቀየመ? «እኔ በመከራው ጊዜ ያስቀመጥኩትን በደስታው ጊዜ ንጉሥ ወሰደብኝ» አለ? ወደ 1ኛ ዜና መዋዕል 15 እና 26 ሂዱና ፈልጉት። በር ጠባቂ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ታቦቱን ተከትሎ ሄዷል። ስምንት ልጆች ነበሩት፤ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ተቆጥረው 62 ሰዎች በዚያ አገልግሎት ቆሙ። የደቡቡ በር የእነሱ ድርሻ ሆነ። አባትየው ቤቱን ከፈተ፣ ዘሮቹ የእግዚአብሔርን ቤት በር የሚጠብቁ ሆኑ። ባለቤት ልሁን አላሉም፤ በር ላይ ቆሙ።

ከአቢዳራ በፊት ግን ሌላ ቤተሰብ ነበር፤ እሱን ማንም አይዘምርለትም። ታቦቱ ከፍልስጥኤም ከተመለሰ በኋላ በቂርያትይዓሪም በኮረብታው ላይ በአሚናዳብ ቤት ተቀመጠ። ልጁን አልዓዛርን እንዲጠብቅ ለዩት። 1ኛ ሳሙኤል 7 ላይ 20 ዓመት ይላል። ሃያ ዓመት! የአቢዳራ ሦስት ወር ነው። ስለ አሚናዳብ ቤት ግን «ተባረከ» የሚል ቃል አልተጻፈም። ማን እንዳመሰገናቸው አልተጻፈም። እንዲያውም ያ በመንገድ የሞተው ዖዛ የዚያ ቤት ልጅ ነው። ዳዊት በዘፈንና በከበሮ ሲመጣ እነሱ ታቦቱን ሲጠብቁ ኖረዋል፤ በመጨረሻ ያገኙት ለቅሶ ነው። ለምን እንዲህ ሆነ ብትሉኝ የማውቀው መጽሐፉ የጻፈውን ብቻ ነው። ግን ይህን ቤተሰብ ሳላስታውስ ስለ አቢዳራ ብቻ ብሰብክ ልክ አይመስለኝም። በቤታችን ለብዙ ዓመት ጸሎት ተደርጎ ልጅ የሞተብን አለን። ልጃችን ታህሪብ ወጥቶ ባሕር የበላው አለን። «ቤቴን ለጌታ ከፍቼ ምን አገኘሁ?» ብሎ በልቡ የሚያስብ ሰው ካለ፣ የአሚናዳብ ቤት ስም በቃሉ ውስጥ እንዳልጠፋ ይወቅ።

አሁን ወደ አዲስ ኪዳን እንሻገር። አቂላና ጵርስቅላ ስደተኞች ናቸው። አቂላ የተወለደው በጳንጦስ ነው፤ ኑሮው ሮሜ ነበር። ንጉሡ ቀላውዴዎስ አይሁድ ሁሉ ከሮሜ ይውጡ ብሎ አዘዘና ባልና ሚስቱ ወጥተው ቆሮንቶስ ገቡ። (የእኛ አገሩ ዐፄ ገላውዴዎስ አይደለም፤ ይሄኛው ከእርሱ 1500 ዓመት ያህል ይቀድማል።) ሥራቸው ድንኳን መስፋት ነው። ጳውሎስ የተጠጋቸውም በሥራ ነው፤ አብሯቸው እየሰፋ ኖረ። ከዚያ ኤፌሶን ሄዱ፤ ጳውሎስ ከኤፌሶን ወደ ቆሮንቶስ ሲጽፍ በቤታቸው የምትሰበሰብ ቤተ ክርስቲያን እንዳለች ይናገራል (1ኛ ቆሮንቶስ 16፥19)። ከዚያ ደግሞ ወደ ሮሜ ተመልሰዋል፤ በሮሜ 16 ላይ እንደገና በቤታቸው ለምትሰበሰበው ቤተ ክርስቲያን ሰላምታ ይላካል። በመጨረሻው ደብዳቤ በ2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥19 ደግሞ ጢሞቴዎስ ባለበት አገር ናቸው።

ቁጠሩት እስቲ። ሮሜ፣ ቆሮንቶስ፣ ኤፌሶን፣ ሮሜ፣ ከዚያ እንደገና ጉዞ። የትም ሲሄዱ ድንኳን መስፊያቸውን ይዘው ነው፤ የትም ሲደርሱ ደግሞ ክፍላቸው ጸሎት ቤት ትሆናለች። ኤፌሶን ላይ «መቼ ወደ አገራችን እንደምንመለስ ስለማናውቅ ለጊዜው ዝም ብለን እንቀመጥ» አላሉም። እኛ ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ እንላለን። ዓመት ሙሉ ፕሮሰስ እየጠበቅን፣ ስልክ እያየን፣ «እዚህ እኮ መንገደኛ ነኝ» እንላለን። መንገደኛ መሆናችን እውነት ነው። እነሱም መንገደኛ ነበሩ።

ሌላም ቤት አለ፤ ይህን በተለይ ለዳሚ ሰው ነው የምነግረው። ጴጥሮስ በኢዮጴ ብዙ ቀን የተቀመጠው በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት ነው (ሐዋርያት ሥራ 9፥43)። ቁርበት ፋቂ በዚያ ዘመን የተናቀ ነበር፤ ከሬሳና ከሽታ ጋር የሚኖር ሰው ነው። በአገራችንም ፋቂ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ እየተባለ ሰው ከሰው ሲለይ አይተናል፤ አብሮ አይበላም፣ አይጋባም። እዚህም የዳሚ የቆዩ ነዋሪዎች የሆኑት ገቦዬዎች በቆዳና በብረት ሥራቸው ስንት ዘመን እንደተናቁ ጎረቤቶቻቸው ስለሆንን እናውቃለን። እኛን ስደተኞችን ያስጠጋን ሰፈር ራሱ የተገፋ ሰው ሰፈር ነው። ጴጥሮስ ያንን የአሕዛብን በር የከፈተውን ራእይ ያየው በቤተ መቅደስ አልነበረም። በፋቂው ቤት ሰገነት ላይ ነው፣ ርቦት ምሳ ሲጠብቅ።

«ይሄ የመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ነው» የሚለኝ ሰው ይኖራል። ከዚያም በኋላ እንዲሁ ነበር። በሶርያ በኤፍራጥስ ወንዝ አጠገብ ዱራ ኤውሮጶስ የምትባል የፈረሰች ከተማ አለች። በፈረንጆች 1930ዎቹ መጀመሪያ ቆፋሪዎች እዚያ አንድ ተራ መኖሪያ ቤት አገኙ፤ ክርስቲያኖች ወደ ጸሎት ቤት የለወጡት። ቤቱ የተሠራው በ232 ዓመተ ምሕረት ገደማ ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ምን አደረጉ መሰላችሁ? በሁለት ክፍሎች መካከል ያለውን ግድግዳ አፈረሱ። በቃ። ወደ 70 ሰው የሚይዝ ክፍል ወጣላቸው። በሌላዋ ክፍል ማጥመቂያ ገንዳ ሠሩ፣ ግድግዳው ላይ መልካሙን እረኛ ሳሉ። ከውጭ ሲታይ እንደ ጎረቤቶቹ ያለ ቤት ነው። እስካሁን ከተገኙት የክርስቲያን ጸሎት ቤቶች ከቀደሙት አንዱ ይኸው ነው፤ ግድግዳ የፈረሰበት የሰው ቤት።

የእኛ የኢትዮጵያውያን ታሪክ ግን ከዚህ ይቀርበናል፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። በ1974 ዓ.ም. ጥር ወር ደርግ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ዘጋ። አዳራሾቿን ወረሰ፣ ንብረቷን ወሰደ፣ መሪዎቿን አሰረ፤ ያለ ፍርድ ከአራት ዓመት በላይ የታሰሩ አሉ። በዚያን ጊዜ አባላቷ 5,000 ያህል ነበሩ። ሰው «አለቀላት» አለ። ምእመናኑ ግን ወደ ቤት ገቡ። በአንድ ቤት አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ሆነው ተሰበሰቡ። አንድ ላይ አይመጡም፤ አንዱ ገብቶ ጥቂት ቆይቶ ሌላው ይገባል። ሲዘምሩ በሹክሹክታ፣ ሲጸልዩም ቀስ ብለው። መጽሐፍ ቅዱስ በነጠላ ተሸፍኖ ይገባል። ወንዶቹን ካድሬና ቀበሌ ስለሚከታተላቸው ብዙውን የተሸከሙት እናቶች ናቸው። ቡና አፍልተው ሰው ይጠራሉ፤ ጎረቤት የሚያየው ቡና ነው። አስተማሪ እናት፣ በር ጠባቂ ልጅ፣ ስኒ አጣቢ እህት፤ ቤተሰቡ በሙሉ አገልጋይ ነበር።

ደርግ በ1983 ወደቀ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከቤት ስትወጣና ስትቆጠር 34,000 ያህል ሰው ሆና ተገኘች። አምስት ሺህ ገብቶ ሠላሳ አራት ሺህ ወጣ። ይሄን ቁጥር ስሰማ ሁልጊዜ የማስበው ስለ ሰባኪዎቹ አይደለም። ስለዚያ ሁሉ ሳሎን ነው። ስንት ሺህ ምሽት ምንጣፉ ተነጠፈ፣ ስንት ጊዜ መጋረጃው ተዘጋ፣ ስንት ሕፃን «ማን መጣ?» ብሎ ጠይቆ እናቱ አፉን ያዘችው። የእነዚያን ሰዎች ስም ማን ጻፈው? እንደ አልዓዛር ቤቱን ሲጠብቁ የኖሩ ናቸው።

እዚህ ሐርጌሳም ይህ ነገር አለ። በከተማው የቅዱስ አንጦንዮስ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የሚባል አሮጌ ሕንጻ አለ። በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ታድሶ ተከፈተና በጥቂት ቀናት ውስጥ ሕዝቡ ስለተቃወመ መንግሥት መልሶ ዘጋው። ይህን የምጽፈው ለወቀሳ አይደለም። በሰው አገር ነን፤ የተቀበለን ሕዝብ የራሱ እምነትና ሕግ አለው፣ እኛም እናከብራለን። የምጽፈው በራችን ላይ ምልክት መስቀል ስላልቻልን የጎደለን ነገር ያለ እንዳይመስላችሁ ነው።

አሁን ስለ ክፍላችን። ያለችበትን አልጽፍም፣ የቤተሰቡንም ስም አልጽፍም፤ ምክንያቱን ታውቃላችሁ። አዲስ ለመጣችሁ ግን ታሪኳን ማወቅ ይገባችኋል። የተጀመረችው በለቅሶ ነው። የአንዲት እናት ልጅ በመንገድ መሞቱ ተሰማና ሦስት ቤተሰብ ሊያጽናናት ተሰበሰበ። ቀብር የለም፣ ድንኳን የለም። እናት የምትቀመጥበት ስፍራ አጣች። ያን ጊዜ አንድ ባልና ሚስት «እኛ ጋ ትቀመጥ» ብለው የሚተኙበትን ፍራሽ አነሡና ክፍሉን ባዶ አደረጉት። ሦስት ቀን ጸለዩ፤ የሚበዛው በአማርኛ፣ የልጁ እናት ደግሞ በኦሮምኛ። በአራተኛው ቀን ሰው ወደ ቤቱ ሲሄድ ሴትየዋ «ሐሙስም ኑ» አለች። ይኸው ነው ምሥረታው። መሥራች ጉባኤ የለም፣ ማኅተም የለም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዓይታችኋል። ሐሙስና እሁድ ፍራሹ ይነሣል፣ የፕላስቲክ ምንጣፉ ይነጠፋል። አባትየው ቀን ሙሉ ሲሚንቶ ተሸክሞ ይመጣና ቆሞ ይቀበለናል። እናትየው ከሰው ቤት ልብስ አጥባ ስትመለስ በመንገድ ከአህያ ጋሪ ሁለት ጀሪካን ውኃ ትገዛለች፤ አንዱ ለቤቷ፣ አንዱ ለእኛ። ልጆቹ እስክንወጣ አይተኙም፤ የሚተኙበት እኛ የተቀመጥንበት ነውና። ጠዋት ትምህርት አላቸው። ይህን ልብ ያለ ስንት ሰው አለ?

ስለዚህ ጥቂት ነገር በግልጽ ልናገር። ጫማችሁን ደጅ አትደርድሩ፣ ይዛችሁ ግቡ፤ ሃያ ጫማ በር ላይ ማየት ለቤቱ ጥሩ አይደለም። ሦስት ሰዓት ሲሆን እንበተን። መንፈስ ቅዱስ ሰዓት አይከለክለውም የሚል ወንድም አለ፤ ትክክል ነው፣ ግን ሕፃን ልጅ እንቅልፍ ይከለክለዋል። ድምፃችንም ይቀነስ። እነዚያ በደርግ ዘመን በሹክሹክታ የዘመሩት እግዚአብሔር ሰምቷቸዋል። የጠጣችሁበትን ስኒ አጥባችሁ ሂዱ፤ ወንዶችም ጭምር።

ቤቱን ለሚሰጥ ሰውም ቃል አለኝ። በ3ኛ ዮሐንስ ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ። ጋይዮስ እንግዶችን ተቀብሎ ስንቅ ሰጥቶ የሚሸኝ ነው። ዲዮጥራጢስ ደግሞ አለቃ መሆን የሚወድ፣ እንግዳ የማይቀበል፣ የሚቀበሉትንም የሚያስወጣ ነው። ቤት ከፍተናል ብለን ማን ይግባ ማን ይውጣ የምንል ከሆነ ከጋይዮስ ወደ ዲዮጥራጢስ ተሻግረናል። የክፍላችን ባለቤቶች ይህን አላደረጉም። በአንድ ወቅት የተጣሉን ወንድም እንኳ ተመልሶ ሲመጣ መጀመሪያ ውኃ የሰጠችው የቤቱ እናት ናት።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የጻፍኩት አንድ ወሬ ስላለ ነው፤ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። የቤተሰቡ ፕሮሰስ አልቋል። ጌታ ቢፈቅድ በቅርቡ ይሄዳሉ። ደስ ብሎናል፤ ያለቀሰም አለ። ባለፈው እሁድ አንዱ «እነሱ ከሄዱ ኅብረቱም አበቃ» ሲል ሰማሁ። ለምን ያበቃል? ታቦቱ ከአሚናዳብ ቤት ወጣ፣ በአቢዳራ ቤት አደረ። የአቂላ ክፍል ኤፌሶን ላይ ሲዘጋ ሮሜ ላይ ተከፈተ። በሎዶቅያ ንምፉን በሚባል ሰው ቤት፣ በቆላስይስ በፊልሞና ቤት፣ በፊልጵስዩስ በልድያ ቤት። አንዱ ሲደክም ሌላው ነበረ።

ቤታችሁ ትልቅ መሆን የለበትም። የእነሱም ትልቅ አልነበረም። «ልጆች አሉኝ» የምትሉ፣ እነሱም ሦስት አላቸው። «አከራዬ ምን ይለኛል» የምትሉ፣ ይህ እውነተኛ ፍርሃት ነው፣ አልንቀውም፤ ከአከራይ ጋር በሐቅ መነጋገር ያስፈልጋል፤ ተደብቀን ሰው ጣጣ ውስጥ አንከትም። «ኪራይ አልችልም» የምትሉ፣ ኪራዩ የሁላችን ነው፤ በየወሩ እንደ አቅማችን በዛድ እናዋጣለን፣ የአንድ ቤት ሸክም አይሆንም። አንድ ቤት ሐሙስን፣ ሌላው እሁድን ቢይዝም ይቻላል። ይህን በጸሎት አስቡበትና ለባልም ለሚስትም ለልጆችም ንገሯቸው። አባወራው ብቻውን ወስኖ የሚመጣበትን ቤት አልፈልግም፤ ውኃውን የምታመጣው ሚስትየዋ ናትና።

ምንጣፉ፣ ስኒዎቹና ሁለቱ ጀሪካኖች ቤተሰቡ እስኪሄድ እዚያው ይቆያሉ፤ ከዚያ በኋላ ወደሚከፈተው ቤት ይዛወራሉ። ለሐሙስ የፊልሞናን መልእክት አንብባችሁ ኑ። 25 ቁጥር ብቻ ናት፣ አንዴ ቡና እስኪፈላ ታልቃለች። ቁጥር 22 ላይ ጳውሎስ እስር ቤት ሆኖ ፊልሞናን ምን እንዲያዘጋጅለት እንደጠየቀው ልብ በሉ፤ ከእሱ እንጀምራለን።